«እናቴ ‘ሆቴል ይረፉ’ አለች»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ታላቅ እህቴ ካናዳ ከሄደች አሥራ ሁለት ዓመት አለፋት። እዚያው አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ወንዱ ዘጠኝ፣ ሴቷ አራት ዓመታቸው ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት መጥተው ነበር። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድረው ወደ እኛ መጡ። በሦስተኛው ቀን ልጁን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ሌሊቱን ክሊኒክ አደርን። እህቴ በጣም ደንግጣ ነበር። ሐኪሙ ፊት «ውሃውን አትስጡት ብያለሁ! እዚህ ቤት እኮ ንጽህና የሚባል ነገር አይታወቅም» አለች። እናቴ አጠገቧ ቆማ ነበር። ምንም አልመለሰችም። ልጁ በሁለት ቀን ዳነ። እናቴ ግን እነሱ እስኪሄዱ ድረስ ወጥ ቤት አልገባችም። ምግቡን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ።

አሁን ለገና ሊመጡ ነው። ጥምቀትን አክብረው ይመለሳሉ። ሁለት ወር ያህል ቀርቷል። እህቴ በቴሌግራም ረጅም ዝርዝር ላከችልኝ። ሰላጣ የለም፣ እርጎ የለም፣ የቧንቧ ውሃ ለጥርስ መቦረሻም ቢሆን የለም፣ ጣና ውስጥ መግባት የለም፣ አልጋው አጎበር ይኑረው። ይህን ለእማዬ እንዴት ብዬ ላንብብላት? «ሊመጡ ነው» ስላት እንኳ «ሆቴል ይረፉ፤ እዚያ ንጹሕ ነው» ብላ ዝም አለች። ወንድሜ ደግሞ ተናዷል። «እኛ ይህንኑ ውሃ ጠጥተን አይደል ያደግነው? እሷስ የት ነው ያደገችው?» ይላል። ልጁን ጣና ላይ ዋና አስተምርሃለሁ ብሎ ቃል ገብቶለታል።

እኔ መሐል ላይ ቀርቻለሁ። የእህቴ ልጆች እንደገና ሲታመሙ ማየት አልፈልግም። እናቴ በገዛ ቤቷ አንገቷን ስትደፋም ማየት አልችልም። እህቴ ታካብዳለች ወይስ እኛ ነን ያልገባን? ምን ላድርግ?

መሐል የቀረሁት፣ ከባሕር ዳር

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ የልጆቹ ጤና ነው። ሌላው በዚያ ሌሊት ክሊኒክ ውስጥ የተነገረው ቃል ነው። የጤናው ነገር መላ አለው፤ አብዛኛው ከባድም አይደለም። ቃሉ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እናትሽ ልብ ውስጥ ተቀምጧል። ዝርዝሩን ብቻ ብታነቢላቸው የማይሆነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እህትሽ አታካብድም። ወንድምሽም አልዋሸም። ከልጅነታችሁ ጀምሮ የለመዳችኋቸው ተህዋስያን እናንተን ላያሳምሙ ይችላሉ፤ ለእንግዳ ሆድ ግን አዲስ ናቸው። ወባም እንደዚያው ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ኖሮ ደጋግሞ የታመመ ሰው በከፊል የመቋቋም አቅም ያዳብራል። አገር ለቆ ዓመታት ሲቆይ ግን ያ አቅም ይጠፋል። ስለዚህ እህትሽ ራሷ አሁን እንደ እንግዳ ናት። ልጆቿ ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። ውጭ ያሉ የጉዞ ሐኪሞች ከቱሪስቱ በላይ የሚሰጉት ዘመድ ሊጠይቅ ለሚሄደው ሰው ነው። «አገሬ እኮ ነው» ብሎ መከላከያ ሳይወስድ፣ ክትባት ሳይከተብ ይሄዳልና።

ልጁን ያሳመመው ምን ነበር? ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። እናንተ ቤት የጠጣው ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ባደሩበት ሌሊት የበላው እራት ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ የነካው ነገርም ሊሆን ይችላል። የመንገደኛ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚመጣው፤ የትኛው ኩባያ እንዳመጣው አይናገርም። እህትሽ በዚያ ሌሊት ፍርድ የሰጠችው ሳታውቅ ነው። ይህን ለእናትሽ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ፤ ማባበያ ስለሆነ ሳይሆን እውነት ስለሆነ።

ከደብዳቤሽ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ «ሆቴል ንጹሕ ነው» የሚለው ነው። መንገደኛን በአብዛኛው የሚያሳምመው ጥሬ ምግብ፣ በደንብ ያልበሰለ ምግብ ወይም በስሎ ለብ እንዳለ የተቀመጠ ምግብ ነው። ለሰዓታት ተዘርግቶ የቆየ ቡፌ፣ በምን ውሃ እንደታጠበ የማይታወቅ ሰላጣ፣ በረዶ የገባበት ጁስ። የእናትሽ ዶሮ ወጥ ግን? ሽንኩርቱ ሲቁላላ ብቻ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከምድጃ ወርዶ እየተንተከተከ የሚቀርብ ወጥ፣ በዕለቱ የተጋገረ እንጀራ፣ ትኩስ ሽሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የፈላ ሻይ። ለመንገደኛ ልጅ ከዚህ የሚሻል ምግብ አላውቅም። ልጆቹ ሆቴል ቢያርፉ ይህንን ነው የሚያጡት። እናትሽ ይህን ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ጥንቃቄ የሚፈልጉት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ትናንት የተረፈ ወጥ ለብ ተደርጎ አይቅረብላቸው፤ እስኪፈላ ይሙቅ። በዘይት የሚጠበሰውም ከዘይት እንደወጣ ይበላ። ቲማቲምና ቃሪያው ለእነዚህ ሳምንታት ለአዋቂው ብቻ ይሁን። ልጆቹ ሙዝ፣ ብርቱካንና ፓፓያ እየተላጠላቸው ይብሉ፤ የሚልጠው ሰው እጁን ይታጠብ። ወተቱ ይፍላ። እርጎው ካልፈላ ወተት የሚሠራ ከሆነ ግን ይለፋቸው፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታና የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ጥሬ ሥጋም እንደዚሁ፤ ኮሶ ልጅ አዋቂ አይልም።

የበዓል ነገር ስለሆነ ብርዝን ለብቻው ላንሳው። ብዙ ሰው ጣፋጭ ስለሆነ ለልጅ ይሰጠዋል። ማሩ ሳይሆን ውሃው ነው ጉዳዩ። በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ይበጥበጥላቸው፣ አበቃ። እህትሽ የእናቷን ጠላ ከናፈቀች ግን አትከልክሏት። ውሃው እንዳልፈላ አውቃ ለራሷ ትወስን፤ ትልቅ ሰው ናት።

ጉርሻ ይቅር እንዳልል አትስጊ። አያት ያላጎረሰው የልጅ ልጅ ምን የልጅ ልጅ ነው! ግን ከማዕድ በፊት ማስታጠቢያው ሲዞር ሳሙናም አብሮት ይዙር፤ ከትልቁ እስከ ትንሿ ሁሉም ይታጠብ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ውሃ ማፍሰሱን ቢይዝ ደግሞ ወግ ይማርበታል።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ። ማፍላቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚበላሸው ከፈላ በኋላ ነው። ድስቱ ፈልቶ ይቀዘቅዛል። ከዚያ አንዱ ይመጣና ከሶፋው ሥር ያነሣውን ኩባያ ነክሮ ይቀዳል። ጣቱም አብሮ ይገባል። ያን ጊዜ የፈላው ውሃ ካልፈላው ብዙም አይለይም። ስለዚህ አፉ ጠባብ የሆነ ንጹሕ ጀሪካን ወይም ቧንቧ ያለው ማስቀመጫ ግዙ። የፈላው ውሃ እዚያ ይግባ፣ ክዳኑ ይዘጋ፣ ሲፈለግ ይቀዳ እንጂ ምንም ነገር አይነከርበት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተገለባብጦ ሲፈላ አንድ ደቂቃ ይበቃል ይባላል፤ እኔ ሦስት ደቂቃ ብታቆዩት እመርጣለሁ። ከፈላው ውሃ አንድ ኩባያ በክዳን መታጠቢያው አጠገብ ይቀመጥ፤ ልጆቹ ጥርሳቸውን በእሱ ይቦርሹ። ለመንገድ የታሸገ ውሃ ስትገዙ ክዳኑ ከነማሸጊያው መሆኑን እዩ።

እስካሁን ያልኩት ለሆድ ነው። ወባውን ግን በጣም እለምንሻለሁ፣ ማንም እንዳያቃልለው። የባሕር ዳር አየር ደስ ስለሚል ሰው የወባ አገር አትመስለውም። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከዚያ በታች ናት። ዋናው ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። እንግዶቻችሁ የሚመጡት በዚህ ወቅት መጨረሻ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጆቹ 2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለዚህ እህትሽ አጎበር ስትል ትክክል ናት።

ከእሷ የሚጠበቀው ግን አጎበር መጠየቅ ብቻ አይደለም። ለጉዞ ሐኪም ቀርባ ለልጆቹ በክብደታቸው ልክ የሚታዘዝ የወባ መከላከያ መድኃኒት ትጠይቅ። መድኃኒቱ ከመምጣታቸው በፊት ይጀመራል፤ ከተመለሱ በኋላም ለተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ቤቱ እንደገባ ያቆመዋል፤ እሷ እንዳታቆም። እግረ መንገዷን የታይፎይድ፣ የሄፓታይተስ ኤ እና የኩፍኝ ክትባታቸውን ታሳይ። ጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቀረው መሄድ ጥሩ ነው። ሁለት ወር ካለ ጊዜው በቂ ነው።

እናንተ ዘንድ ያለው ሥራ የማታ ሥራ ነው። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስኮቱ ይዘጋ። አጎበሩ ቀዳዳ ካለው ይሰፋ፤ ሳይመሽ ጠርዙ ፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። የከተራ ዕለትን ደግሞ አስቢው። ምሽቱን ታቦቱ ካደረበት፣ ውሃ ዳር፣ ልጆቹ አጭር እጅጌ ለብሰው ቢያመሹ ትንኟ ድግስ አገኘች ማለት ነው። ረጅም እጅጌና ካልሲ ይልበሱ፤ እህትሽም ለልጆች የሚሆን የትንኝ መከላከያ ቅባት ይዛ ትምጣ። በዓሉን እንዳታስቀሯቸው ብቻ።

ከልጆቹ አንዱ ትኩሳት ከያዘው «ብርድ መቶት ነው፤ ይለቀዋል» አይባልም። በዚያው ቀን ደሙ ለወባ ይመርመር። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ናቸው። ጤና ጣቢያም ምርመራውን ይሠራል። በግምት መድኃኒት አይሰጥ፣ ከጎረቤት የተረፈ ክኒንም አይዋጥ። ካናዳ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢመጣም እህትሽ ለሐኪሙ የመጀመሪያ ቃሏ «ኢትዮጵያ ነበርን» ይሁን። እዚያ ያለ ሐኪም ወቅቱ ብርድ ስለሆነ ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አንደኛው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል ጉዳዩ ከወር በኋላም አይረሳ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ለልጁ የገባው ቃል ከፍቅር ነው፣ ያስታውቃል። ቃሉን ግን ማስተካከል አለበት። ጣና ዳር፣ ረጋ ባለውና ሣር በበዛበት ውሃ ውስጥ ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ተህዋሲ የሚሸከሙ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከእነሱ ወደ ውሃው የሚወጣው በዓይን የማይታይ ትል ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃውን መዋጥ አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። ወንድምሽ «ይሄ የፈረንጅ ፍርሃት ነው» ካለ የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር አንሺለት። በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው እንዶድን ለዓለም ያስተዋወቁት። ብልሃርዝያን አጥንቶ የታገለው የእኛው ሰው ነው።

ጀልባ ግን ምን ችግር አለው? ወንድምሽ ዘጌ ይውሰደው። በቡናው ደን መሐል በእግር ይሂዱ፤ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ያሳየው። የደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚሠራም ይመልከት። የሕይወት አድን ጃኬትና ባርኔጣ አይረሳ፤ ሐይቅ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ዋናውን በክሎሪን በታከመ የሆቴል መዋኛ ያስተምረው። ልጁ ድንገት ሐይቅ ውስጥ ቢገባ በፎጣ መጥረግ አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። አትደናገጡ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ምርመራ ይደረግለት። ከተገኘበት ፕራዚኳንትል የሚባል የታወቀ መድኃኒት አለው። የመንገድ ውሻ እንዳይነካካም ይንገሩት። ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉ በሳሙናና በውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ታጥቦ በቀጥታ ወደ ሐኪም፤ ይህ ለነገ አይባልም።

ቀሪው የእናትሽ ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ያን ቀን ምኑ እንደጎዳቸው ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ቃሉ ነው? ሐኪም ፊት መነገሩ ነው? ወይስ ልጁ በእጄ ታመመ ብለው ራሳቸውን ነው የሚወቅሱት? እኔ የመጨረሻውን እጠረጥራለሁ። ወጥ ቤት አለመግባታቸው ቁጣ ብቻ አይመስለኝም፤ ፍርሃትም አለበት። ቡና ስታፈዪ፣ ወንድምሽ በሌለበት፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። የእህትሽ ጠበቃም የእሳቸው ጠበቃም አትሁኚ።

ከእሳቸው በፊት ግን እህትሽን አነጋግሪያት። «ዝርዝሩን ተቀብያለሁ፤ ትክክል ነሽ። እማዬ ግን ያቺን የክሊኒክ ቃል አልረሳችም። ዝርዝሩን እኔ አላነብላትም። መጀመሪያ አንቺ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂያት» በያት። ይቅርታው ከጥንቃቄው ይለይ። «ይቅርታ፤ ግን ልጆቼም…» ከተባለ ይቅርታ መሆኑ ይቀራል። እንዲህ ብትል ይበቃል፦ «እማ፣ ያን ሌሊት ልጄ የሚሞት መስሎኝ የማይባል ተናገርኩሽ። ሐኪም ፊት አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ። ልጆቼ አንቺ ጋ ነው የሚያርፉት፤ ሆቴል አልሄድም።»

ስለ ውሃና አጎበር በሌላ ቀን፣ በሌላ ስልክ ይነጋገሩ። ያን ጊዜም ትእዛዝ ሳይሆን አደራ ይሁን። «የልጆቹን ውሃ አንቺ ያዥልኝ፤ ከአንቺ እጅ ካልሆነ እንዳይጠጡ» ቢባሉ፣ ያቺን ጀሪካን ከእናትሽ በላይ የሚጠብቃት ሰው ይኖራል ብለሽ ነው? አጎበሩንም ሲመሽ የሚጠቀጥቁት እሳቸው ይሁኑ። ልጆቹም «አያቴ ሳትፈቅድ አልጠጣም» ማለትን ይልመዱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልባቸው ካልፈታ አታስገድጂያቸው። እንግዶቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ሌላ ቦታ አድረው ቀኑን እናንተ ዘንድ ቢውሉም ነውር የለውም። ልጆቹ ቤቱ ውስጥ ሲሯሯጡ ሲያዩ ሐሳባቸው ሊለወጥ ይችላል።

ተቅማጥ በጭራሽ አይመጣም ብዬ አልዋሽሽም። በጣም ጠንቃቃ መንገደኛም ይይዘዋል። ልዩነቱ ሲመጣ ዝግጁ መሆናችሁ ነው። ከፋርማሲ ጥቂት ከረጢት ኦአርኤስ፣ ማለትም በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ ገዝተሽ አስቀምጪ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይበጥበጥ። ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ። ልጁ ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ለአራት ዓመቷ ዚንክም ይጨመራል፤ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ሰገራው ደም ካለው፣ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወይም ሽንቱ ከቆመ ሳይነጋ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ያን ጊዜ ማን ምን አበላው የሚል ጥያቄ እንዳይነሣ ከአሁኑ ተስማሙ፤ እህትሽም ቃል ትግባ።

ዛሬ ማታ ለእህትሽ ደውዪላት። ሁለት ነገር ጠይቂያት፦ የጉዞ ሐኪም ቀጠሮ መቼ እንደምትይዝና ለእናቷ መቼ እንደምትደውል። የሐኪሙ ቀጠሮ ሊዘገይ ስለሚችል እሱን ነገውኑ ትጀምር። ለእናቷ መደወሉን ግን እስከ እሑድ አታሳድረው።